ሊጡና ትራንስፎርመሩ፦ ቀበሌና የመብራት ማዕከል አብረው የሠሩበት አንድ ዓመት

የ2011 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት አለፍ ብሏል። ከዕድራችን ዕቃ ቤት አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ ከባድ ድምፅ ተሰማ። አምፖሎቹ አንዴ ቦግ ብለው ድርግም አሉ። ወዲያው የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ወጥተን ስናይ ትራንስፎርመራችን ይጨሳል።

በየቤቱ ሊጥ ቦክቷል። ዶሮው ተገነጣጥሎ ተዘፍዝፏል። ብርዱ የታኅሣሥ ብርድ ነው፤ የሰሜን ሸዋን ውርጭ ያየ ሰው ያውቀዋል። እናቶች እንጨትና ኩበት ፍለጋ ከጓሮ ጓሮ ሲሯሯጡ አመሹ። ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያላት አንዲት ጎረቤታችን ለስምንት ቤት ስትጋግር አደረች። የተቀረው ሰው በሦስት ጉልቻ፣ በጭስ፣ ዓይኑ እየደማ እስኪመስል ድረስ ጋገረ።

ትራንስፎርመሩ እስኪቀየር 11 ቀን ፈጀ። መብራት ያየነው ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የዕድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ቀበሌው፣ ማዘጋጃ ቤቱና የከተማው የመብራት ማዕከል (የመብራት አገልግሎቱ ቅርንጫፍ) አብረው የሠሩትን ሥራ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከተማችን ከደብረ ብርሃን ብዙ የማትርቅ ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ በሥራው የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ታሪኩን ግን መጻፍ አለብኝ። ምክንያቱም ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታዲያ ለምን በበዓል ዋዜማ መብራት ይጠፋብናል?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከግድቡ ዘንድ አይደለም። ከወንዙ እስከ ጓዳችን ባለው መንገድ ላይ፣ መጨረሻ የሚገኘው አንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ነው፤ ትራንስፎርመሩ። ሣጥኑ የሚችለው የተወሰነ ነው። ወንዙ ላይ የቱንም ያህል ቢመረት፣ በዚያ ሣጥን በኩል የሚያልፈው ሣጥኑ የቻለውን ያህል ብቻ ነው።

የኛ ሣጥን 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ነበር፤ ቢበዛ 100 ኪሎ ዋት ማለት ነው።

28 ምጣድ

የመብራት ማዕከሉ ባለሙያ ነገሩን ያስረዳን በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ትራንስፎርመሩ በተቀየረ በሳምንቱ። ወጣት ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈልን። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ዝቅተኛውን ይዘን 100ን ለ3.5 ስናካፍል 28 ምጣድ ይወጣል። ያ ማለት፣ ሌላ ምንም ነገር ባይበራ እንኳ፣ 28 ምጣድ አንድ ላይ ሲጣድ ትራንስፎርመሩ አፉ ድረስ ሞልቷል። አምፖል የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ማሞቂያ የለም፣ ወፍጮ የለም።

አዳራሹ ዝም አለ። ሰፈሩ 70 ያህል ቤተሰብ አለበት። ምጣድ የሌለው ጥቂት ነው።

ግን ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔም እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ትራንስፎርመሩ መብራቱን የሚሰጠው በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የተለያዩ ሽቦዎች ነው። አንድ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚገናኘው ከአንዱ ፌዝ ጋር ብቻ ነው። የ100ው ሣጥን እያንዳንዱ ፌዝ የሚችለው 144 አምፒር ገደማ ነው። አንድ ምጣድ 16 አምፒር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ፌዝ ላይ ዘጠኝ ምጣድ ከተጣደ በቃው። ሰፈሩ በየጊዜው ሲሰፋ አዲስ ቤት የተገናኘው ለሠራተኛው መሰላል በቀረበው ሽቦ ላይ ነው። ስንቆጥረው አንዱ ፌዝ 22 ቆጣሪ ተሸክሟል፤ ሁለተኛው 13፣ ሦስተኛው 8። በገና ዋዜማ አንዱ ትከሻ እየተሰበረ ሌሎቹ ሁለቱ ቀለል ብሏቸው ነበር።

ይህን ሲል ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ በአንድ ወገን ብቻ የተጫነች አህያ ናታ፣ አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፌዝ ማንም ማብራሪያ አልፈለገም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። የፊውዙ ሣጥን ሲከፈት በፊውዙ ቦታ ወፍራም ሽቦ ታስሮበት ተገኘ። ማን እንዳሰረው አልተጣራም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፊውዝ ከአቅም በላይ ሲጫን ይበጠስና ትራንስፎርመሩን ያድነዋል። ሰው ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይመረራል። ወፍራም ሽቦ ሲታሰር መብራቱ አይጠፋም፤ የሚቀጥለው የሚቃጠለው ራሱ ትራንስፎርመሩ ነው። ይህን በየሰፈሩ የሚያደርግ አለ፤ እባካችሁ አታድርጉት፣ አታስደርጉትም። የአንድ ምሽት ጨለማን ለ11 ቀን ጨለማ መለወጥ ነው።

ባለሙያው ቁርጡን ነገረን። የተተከለው ትራንስፎርመርም ያው 100 ነው። ትልቁ፣ 200ው፣ በእጃቸው የለም። ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነው። ሰፈሩ እንደ ገናው ከጋገረ ያው ይደገማል።

ቤቱን የሚያውቀው አንዱ፣ ሽቦውን የሚያውቀው ሌላው

እዚህ ላይ ነው ቀበሌው የገባው። መጀመሪያ የተጠየቀው ቀላል ይመስል ነበር፤ ምጣድ ያለው ማን ነው? ማን ከየትኛው ፌዝ ጋር ነው?

የመብራት ማዕከሉ የሚያውቀው ቆጣሪ ነው። 43 ቆጣሪ፣ 43 የደንበኛ ቁጥር። ቀበሌው የሚያውቀው የቤት ቁጥር ነው። ሁለቱ መዝገብ አይገናኝም። በአንድ ቆጣሪ ላይ አምስት ተከራይ ያለበት ግቢ አለ። ባለቤቱ ከሞተ የቆየ፣ በሟች ስም የሚከፈል ቆጣሪ አለ። ማዕከሉ አንድ ደንበኛ የሚለው፣ ቀበሌው ሦስት አባወራ ይለዋል። ዕድሩ ደግሞ ሌላ ዝርዝር አለው፤ የኛ ዝርዝር ግን ሰው በሰው ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ እናውቃለን።

ሦስቱን ዝርዝር ማገናኘት ሁለት ሳምንት ወሰደ። የሠራነው ሦስት ሰዎች ነን፤ የቀበሌው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ የማዕከሉ ቆጣሪ አንባቢና እኔ። ቆጣሪ አንባቢው ያለ እሱ የማይሆን ሰው ነበር። በየወሩ በየግቢው የሚገባው እሱ ነው። የውሻውን ስም ሳይቀር ያውቃል። ቤት ለቤት ሄድን። ምጣድ ስንት፣ የምትጋግሩት መቼ፣ ገመዱ ምን ዓይነት ነው? ብለን ጠየቅን። 48 ምጣድ ቆጠርን። 48 በ3.5 ሲባዛ 168 ኪሎ ዋት ነው። ሣጥኑ 100።

እግረ መንገዳችንን ያየነው ነገር አስደነገጠኝ። ከ48ቱ ብዙዎቹ ተራ ማራዘሚያ ገመድ ላይ የተሰኩ ናቸው። ተራ ሶኬት 16 አምፒር ነው የሚችለው፤ ምጣዱ ያንኑ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፣ ያውም ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሶኬቱ ቀልጦ የጠቆረበት ቤት አይተናል። ለምጣድ ራሱን የቻለ መስመር፣ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ቀጭን ሽቦ ሲግል የሚጠፋው ኃይል እንጀራ አይጋግርም፤ ግድግዳ ነው የሚያሞቀው፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል። ምጣዱም ራሱ ከሥሩ በደንብ ካልተሸፈነ ሙቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። ሰፈራችን ውስጥ ምጣድ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ማዕከሉ ከእሱ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀመጠ፤ የላላ ማሰሪያ ማጥበቅ፣ የተቃጠለ መሰኪያ መለወጥ፣ ከሥር የሚደረገውን ሽፋን ማጠናከር። ይህ ለማዕከሉ ምንም ወጪ አልነበረውም። በኔ ግምት ካደረጉት ሁሉ ብልኅ የሆነው ይህ ነበር።

ከታሪፉም ጋር ይገናኛል። በዚያው ሰሞን፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ የመብራት ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ተሻሽሎ ነበር፤ ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ዋጋው 0.273 ብር እንደነበረ ቀረ። ሰዉ ይህን ሰምቷል፤ እኔ ድሃ ነኝ አይነካኝም ብሏል። ግን እንቁጠረው። አንድ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በወር ስምንት ወይም ዘጠኝ ጊዜ ከተጋገረ 60 ገደማ ይሆናል። ከምጣዱ ብቻ 50ው አልፏል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከሆነማ ከርካሹ እርከን ላይ መቆየት አይታሰብም። ስለዚህ ጋገራን ማሰባሰብ የትራንስፎርመር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የኪስም ነበር።

መጀመሪያ የወጣው ፕሮግራም ከሸፈ

ማዕከሉ ፕሮግራም አወጣ። በወረቀት ላይ ያምራል። ሰፈሩ በመንገድ አራት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ምድብ ቀን ተሰጠው። አንዱ ምድብ ሰኞና ሐሙስ፣ ሌላው ማክሰኞና ዓርብ፣ እንዲህ እያለ። አንዱ ደግሞ እሑድ ደረሰው። ቀበሌው ማኅተም መታበት፤ በዕድሩ ጥሩምባ አስነገርን።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። እሑድ የደረሰው ምድብ አንድም ሰው አልጋገረም፤ በሰንበት ምጣድ አይጣድም አሉ። ማክሰኞ የደረሳቸው ቀኑ ሚካኤል ሆነባቸውና ለረቡዕ አዞሩት፤ ረቡዕ የሌላ ሰው ነው። ዓርብ ምሽት ሁሉም ጋገረ፤ ለሰንበት እንጀራ የሌለው ቤት የለምና። የመብራቱ ባለሙያ በዚያ ዓርብ ምሽት መለኪያውን ይዞ መጥቶ ከባዱን ፌዝ ለካ። ፊቱን አይቼ ገባኝ።

ነገሩን ያቃናችው አንዲት እናት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። በቡና ላይ ነው የተናገረችው፣ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «እናንተ ከቀን ተነሥታችሁ ሊጡን ትጠሩታላችሁ። ሊጥ ተጠርቶ አይመጣም፤ ሊጡ ሲደርስ ነው እኛን የሚጠራን።»

እውነቷን ነው። ደጋ ላይ ሊጥ ቶሎ አይቦካም። ቆላ ሁለት ቀን የሚበቃው እኛ ጋ ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል፤ በውርጩ ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ። አብሲት ከተጣለ በኋላ ግን ሊጡ ሰው አይጠብቅም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የጋገራ ቀን የሚወሰነው በተቦካበት ቀን ነው። ሁሉም ዓርብ የሚጋግረው ሁሉም ማክሰኞ ስለሚያቦካ ነው።

ሴቶቹ ፕሮግራሙን አዲስ ሠሩት። የጋገራ ቀን አላወጡም፤ የቡኮ ቀን ነው ያወጡት። የሰንበቱን እንጀራ ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹ ምድብ ሐሙስ እንዲደርስለት ሰኞ ያቦካል፣ ግማሹ ዓርብ እንዲደርስለት ማክሰኞ ያቦካል። በአንድ ቀን የተገናኙት ሁለት ምድቦች ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት ተለያዩ። በዓል ሲገጥም አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል እንጂ ወደኋላ አይመለስም። ተከራዮቹ አንድ ምጣድ ተካፍለው ተከታትለው እንዲጋግሩ ተስማሙ፤ አንዴ የጋለ ምጣድ ለሦስት ቤት ሲያገለግል ሦስት ጊዜ ማጋል ቀረ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ግን ማንም አይጥድም፤ መብራቱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ማሞቂያው ሁሉ አንድ ላይ የሚበራው በዚያ ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ማታ ብቻ ለሚመቻቸው መምህራንና ነርሶች አንድ ልዩ ምሽት ተተወላቸው። ስምንት ቤት ነበሩ።

ማዕከሉም የራሱን ሠራ። የመስመር ሠራተኞች አንድ ቅዳሜ መጥተው የቤቶቹን ሽቦ ከከባዱ ፌዝ ወደ ቀላሎቹ አዛወሩ። ያለ ዝርዝራችን ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። ቆጣሪ ብቻ ቆጥረው ቢያካፍሉ ኖሮ አምስት ምጣድ ያለበትን ግቢ እንደ አንድ ቤት ይቆጥሩት ነበር። እኛ ምጣድ ቆጥረን ስለሰጠናቸው በየፌዙ 16 ምጣድ አደረጉት። በአራት ምድብ ሲከፈል በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፌዝ ላይ አራት ምጣድ ነው። አራት በ16 አምፒር 64 ነው። ከ144ቱ ግማሽ አልሞላም። ለሌላው ሁሉ ቦታ ተረፈ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ቁጥሩን ሳሳያት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም። ያው ሽቦ፣ ያው ሣጥን ነው።

የመንገድ መብራቱና ወፍጮው

በዚያው ትራንስፎርመር ላይ 14 የመንገድ መብራት ነበር፤ እያንዳንዱ 250 ዋት። 14 በ250 ሲባዛ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፤ ልክ አንድ ምጣድ። መብራቶቹ ሌሊት ቢበሩ ደግ ነው። ግን ሲመሽ የሚያበራውና ሲነጋ የሚያጠፋው ዕቃ ተበላሽቶ ቀኑንም ሙሉ ይበሩ ነበር። የቀኑን 12 ሰዓት ብቻ ብንቆጥር 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ድሃ ቤተሰብ በርካሹ ዋጋ ለወር የተፈቀደለትን ሊያህል ምንም አልቀረው፤ ያ በየቀኑ፣ በፀሐይ ላይ ይባክናል።

ለምን አልተሠራም ነበር? ምሰሶው የመብራት አገልግሎቱ ነው። አምፖሉ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛውን ምሰሶ ላይ ማውጣት አይችልም። ማዕከሉ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ዕቃ አይነካም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱም ትክክል ሆነው መብራቱ ቀን ይበራል። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ማዘጋጃ ቤቱ ዕቃውን ገዛ፣ ማዕከሉ መሰላሉንና ሰውየውን ላከ። ሥራው አንድ ጠዋት አልፈጀም። ስድስቱ አምፖል በኤልኢዲ ተተካ። ስምንቱ በጀት ሲገኝ ተባለ፤ በዚያ ዓመት አልተገኘም።

ወፍጮ ቤቱ ላይ አጠር ላድርግ። ትልቅ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባል፤ ስለዚህ ነው ወፍጮ ሲነሣ የሰፈር አምፖል የሚፈዘው። ማዕከሉ ወፍጮ ቤቱን በምሽት እንዳይሠራ ሊያዘው አይችልም፤ ሂሳቡን የከፈለ ደንበኛ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ከተማው ነው። ባለወፍጮው ሰውዬ ቅን ሰው ናቸው፤ ማስገደድ አላስፈለገም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መዝጋት ተስማሙ፤ በምትኩ ቀበሌው ቅዳሜ ጠዋት ቀደም ብለው እንዲከፍቱ ፈቀደላቸው።

ፋሲካና ግንቦት

በፋሲካ ዋዜማ ማታ እኔና ቆጣሪ አንባቢው ከምሰሶው ሥር ቆመን ነበር። ብርድ ነው፤ ጋቢ ተከናንበናል። ከቤተ ክርስቲያን የሌሊቱ ዜማ ይሰማል። ሰዓቱ 1 ሆነ፣ 2 ሆነ፣ 3 ሆነ። ሣጥኑ እንደ ወትሮው ያንጎራጉራል፤ ድምፁ አልተለወጠም። መብራቱ አልጠፋም። ሰፈሩ ከሞላ ጎደል ሐሙስና ዓርብ ጋግሮ ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ግንቦት መጣ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት እንደጎደላት ተነገረ። መላው አገር በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካውም ቤቱም። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይል ሳይቀር ተነካ። ይህ የሣጥን ችግር አይደለም፤ ይህ የወንዝ ነው። ሥራችን ገደል የገባ መሰለኝ።

የሆነው ሌላ ነው። ማዕከሉ የፈረቃውን ሰዓት ሲያገኝ ቀድሞ ለቀበሌው ሰጠ። ቀበሌው ለዕድሩ፣ ዕድሩ ለምድቦቹ። ሴቶቹ በዚያው ምሽት ቡኮውን አዛወሩት። በሌላ ሰፈር ሊጥ ሲደፋ እኛ ጋ የተደፋ ሊጥ አልሰማሁም። የወረዳው የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤትም በዚያ ሰሞን ነው የተቀላቀለን። ምርጥ ምድጃ የሚሠሩ ወጣቶችን አገናኘን። ከአሸዋና ሲሚንቶ የሚሠራ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ፈረቃው ለሚያስጨንቃቸው ቤቶች መጠባበቂያ ሆነ። ኩበቱም ለማሳ ተረፈ፤ እኛ አገር ኩበት ማንደድ ማለት ማዳበሪያን ማንደድ ነው።

ለምን አልቀጠለም

እውነቱን መናገር አለብኝ። ሥራው እንደዚያ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

መጀመሪያ የቀበሌው ሊቀመንበር ተዛወሩ። ቀጥሎ ወጣቱ ባለሙያ ደብረ ብርሃን ተመደበ። አዲሶቹ መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ነገሩን አያውቁትም። የተጻፈ ስምምነት አልነበረም። ሁሉም በቃልና በመተማመን ነበር። ከአራቱ ምድቦች አንዱ ገና ከመጀመሪያውም በደንብ አልገባበትም፤ ተከራይ የሚበዛበት ነው፤ ሰዉ በየስድስት ወሩ ይለዋወጣል። አዲስ የገባ ሰው ማን ያስረዳዋል?

ከዚህ ሁሉ በታች ግን ሌላ ምክንያት አለ። እስቲ ማን ወጪ አወጣ፣ ማን ተጠቀመ ብላችሁ ጠይቁ። የሠራተኛውን ቀን፣ የአዳራሹን ሰዓት፣ የመንገድ መብራቱን ዕቃ ያወጣው ቀበሌውና ማዘጋጃ ቤቱ ነው። አንድ ትራንስፎርመር ከመግዛት የዳነው የመብራት አገልግሎቱ ነው። ቤተሰቦቹም ሂሳባቸው ቀንሷል። ለማዘጋጃ ቤቱ የቀረለት የመንገድ መብራቱ ሂሳብ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲያዝ ለምጣድ ቆጠራ የሚል መደብ የለም። ማዕከሉም ለአዲስ ትራንስፎርመር መጠየቂያ ቅጽ አለው፤ ሣጥን ላዳነ ሰፈር ግን ቅጽ የለውም።

በሕግ ደረጃ ቁጠባው ተረስቶ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ኃይልን በቁጠባ መጠቀምን በስም ጠቅሶ በጊዜው ለነበረው የፌዴራሉ የኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ከዚያም በፊት፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ቆጣቢ አምፖል በአሮጌው አምፖል እየተለወጠ ለሕዝብ ታድሏል፤ የምሽቱን ጭነት ቀንሷል። ያ የተሳካው አምፖል ከላይ ሊታደል ስለሚችል ነው። ጋገራ ግን ከላይ አይታደልም። ከፌዴራል የመጣ ሰው እትዬ መቼ እንደምታቦካ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ቀበሌው ነው፤ ከቀበሌውም በላይ ዕድሩ፤ ከዕድሩም በላይ የቡናው ጀበና ዙሪያ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። ቀበሌ የሚባለውን መዋቅር ለሥራው የሚያበቃው ሕግ ሳይሆን አንድ ገጽ ስምምነት ነበር፤ ቀበሌው ቆጥሮ ያስረክባል፣ ማዕከሉ ለክቶ ያመጣጥናል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከገናና ከፋሲካ አንድ ወር በፊት፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከመንገድ መብራቱ የተረፈው ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ይመለሳል። በጊዜው ይህን ለመጻፍ አላሰብንም። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በኋላ 200ው ትራንስፎርመር መጣ። ደስ አለን። ሰዉም በፈለገው ቀን መጋገር ጀመረ። ግን ሰፈሩ ሰፍቷል፤ ከበላያችን ባለው ሜዳ ላይ አዳዲስ ቤቶች ወጥተዋል። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፤ ሠራተኛው ቤት ፍለጋ በዙሪያዋ ያሉ ከተሞች ሁሉ ደርሷል። 57 ምጣድ ሲጣድ 200ውም ይሞላል፤ ሒሳቡ ያው ነው፤ 200ን ለ3.5 ማካፈል ነው።

ባለፈው ሰሞን ከዕድሩ ስብሰባ ስወጣ አዲሷ የቀበሌው ሠራተኛ አስቆመችኝ። ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ያ የምጣድ ቆጠራ ደብተር እርስዎ ጋ ነው አሉኝ» አለችኝ። የመንገድ መብራቶቹ እንደገና ቀን መብራት ጀምረዋል፤ የማዕከሉን አዲስ ኃላፊ አናግራለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስታችን እንቀመጣለን። ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእትዬ ቤት እጀምራለሁ ብዬ አስቤያለሁ፤ ማክሰኞ ታቦካለች፣ ዓርብ ትጋግራለች።